ሎግቼክ፦ የማያውቀውን መስመር የማይውጥ ማጣሪያ

ከሰርቨር ሎግ (ፕሮግራሞች የሚያደርጉትን ከሚመዘግቡበት ፋይል) በየሰዓቱ 400 መስመር የሚልክ ሪፖርት ማንም አያነበውም። በመጀመሪያው ሳምንት ይነበባል፤ በሁለተኛው ርዕሱ ብቻ ይታያል፤ በሦስተኛው ደግሞ በቀጥታ ወደማይከፈት ፎልደር እንዲገባ ይደረጋል። ዲስኩ መበላሸት መጀመሩን የምትናገረው አንዲት መስመርም እዚያው ከክሮን (ሥራዎችን በተቀጠረላቸው ሰዓት ከሚያስነሳው ፕሮግራም) ጫጫታ ጋር ተቀብራ ትቀራለች። ስለዚህ ጉዳት የሌላቸውን መልእክቶች ከሪፖርት ማጥራት ሪፖርቱን ማሳመር ብቻ አይደለም፤ ሪፖርቱ የሚነበበው በዚህ ሥራ ነው። አደጋውም እዚያው አለ፤ በሰፊው የተጻፈ አንድ ደንብ ጫጫታውንም እውነተኛውን ምልክትም አብሮ ጠርጎ ይወስዳል።

ሎግቼክ ለዚህ ሥራ ከተዘጋጁት ነጻ ፕሮግራሞች አንጋፋ ከሚባሉት አንዱ ነው፤ ዴቢያንና ኡቡንቱ በሚባሉት የሊኑክስ ዓይነቶች በፓኬጅ ይጫናል። አሠራሩ ቀላል ነው። በየሰዓቱ ሁለተኛው ደቂቃ ላይ ክሮን ያስነሳዋል። ሎግቴል የሚባለው ረዳቱ ባለፈው ንባብ የት እንደቆመ መዝግቦ ስለሚይዝ ከዚያ ወዲህ የተጻፈውን ብቻ ያወጣለታል። ደንብ የተጻፈለትን መስመር ይጥላል፤ የተረፈውን በሙሉ በኢሜይል ይልካል። የተረፈ ከሌለ ኢሜይልም የለም።

የፕሮግራሙ ትልቁ ጥንካሬ ያለው «የተረፈውን በሙሉ» በሚለው ላይ ነው። ቃል እያደኑ የሚሠሩ መሣሪያዎች «ኤረር»፣ «ፌይልድ»፣ «ክሪቲካል» የሚሉትን ይይዛሉ፤ ያልታሰበ ችግር ባልታሰበ ቃል ሲመጣ ግን ያመልጣቸዋል። በክብደት ደረጃ ማጣራትም አያዋጣም፤ ደረጃውን የሚሰጠው ፕሮግራሙን የጻፈው ሰው እንጂ ሰርቨሩን የሚያስተዳድረው አይደለምና። ኤስኤስኤች (ከርቀት ወደ ማሽን መግቢያው ፕሮግራም) አንድ ሰው መግባቱን የሚጽፈው «ኢንፎ» በሚባለው ተራ ደረጃ ነው፤ ከርነሉ (የሲስተሙ እምብርት) በበኩሉ ማሽኑ ሲነሳ ምንም ጉዳት የማያስከትል ነገር በ«ኤረር» ደረጃ ሊጽፍ ይችላል። ሎግቼክ የሚታወቀውን ይጥላል እንጂ የሚፈራውን አያድንም። ደንብ ያልተጻፈለት ነገር ሁሉ፣ ቃሉ ምንም ይሁን ምን፣ እጅዎ ይገባል።

ዋጋው ጉልበት ነው። ከፓኬጁ ጋር ብዙ የተዘጋጁ ደንቦች ይመጣሉ፤ ለራስዎ ሰርቨር የሚስማሙት ግን በእጅ የሚጻፉ ናቸው። የመጀመሪያዎቹን ቀናት በየዕለቱ ትንሽ ሰዓት ለደንብ መጻፊያ የማይመድብ ሰው ባይጭነው ይሻለዋል።

ሦስቱ ክፍሎችና የተለመዱ ስህተቶች

ሪፖርቱ ሦስት ክፍል አለው፦ «ሴኩሪቲ አለርትስ»፣ «ሴኩሪቲ ኢቨንትስ» እና «ሲስተም ኢቨንትስ»። እያንዳንዱ በ/ኢቲሲ/ሎግቼክ ሥር የራሱ የደንብ ፎልደር አለው። ክራኪንግ.ዲ ውስጥ ካለ ደንብ ጋር የገጠመ መስመር ወደ መጀመሪያው ይሄዳል፤ ቫዮሌሽንስ.ዲ ውስጥ ካለ ደንብ ጋር የገጠመ ወደ ሁለተኛው። ሦስተኛው የራሱ ጠሪ ደንብ የለውም፤ ከላይ ያልተያዘ መስመር ሁሉ እዚህ ይወርዳል። እዚህ የወረደውን የሚያስቀረው ስማቸው በኢግኖር.ዲ የሚጀምር ሦስት ፎልደሮች ናቸው፦ ፓራኖይድ፣ ሰርቨር እና ወርክስቴሽን። ፓራኖይድ በጣም ጥቂት ይጥላል፤ ሰርቨር የፓራኖይድን ጨምሮ የራሱን ይጥላል፤ ወርክስቴሽን የሁለቱንም። ሲጫን የሚመጣው ደረጃ ሰርቨር ነው፤ ለአብዛኛው ሥራም ትክክለኛው እሱ ነው።

ብዙ ሰው የሚሰናከለው እዚህ ነው። አንድ የሚደጋገም መስመር ያያል፤ ኢግኖር.ዲ.ሰርቨር ውስጥ ትክክለኛ ደንብ ይጽፋል፤ መስመሩ ግን በሚቀጥለው ሰዓትም ይመጣል። ደንቡን ደጋግሞ ያርማል፤ ለውጥ የለም። ችግሩ መስመሩ የመጣው «ሴኩሪቲ ኢቨንትስ» በሚለው ርዕስ ሥር መሆኑ ነው። ያንን ክፍል ዝም የሚያሰኘው ቫዮሌሽንስ.ኢግኖር.ዲ ውስጥ የተጻፈ ደንብ ብቻ ነው፤ የታችኛው ፎልደር ደንብ የላይኛውን ክፍል አይነካም። ስለዚህ ደንብ ከመጻፍ በፊት የኢሜይሉን ርዕስና መስመሩ ያለበትን ክፍል ማየት ያስፈልጋል። ለመጀመሪያው ክፍልም ክራኪንግ.ኢግኖር.ዲ የሚባል አለ፤ ነገር ግን በሎግቼክ.ኮንፍ ውስጥ «ሰፖርት ክራኪንግ ኢግኖር» የሚለው ቅንብር 1 ካልሆነ አይነበብም። እንደተዘጋ ቢተው ጥሩ ነው፤ የጥቃት ማስጠንቀቂያን ዝም ማሰኘት ሆነ ተብሎ የሚደረግ እንጂ በችኮላ የሚደረግ መሆን የለበትም።

ሁለተኛው መሰናክል የፋይሉ ስም ነው። ፕሮግራሙ የደንብ ፋይሎችን የሚሰበስበው በራን-ፓርትስ ሲሆን፣ ይህ መሣሪያ በስሙ ውስጥ ነጥብ ያለበትን ፋይል ይዘለዋል። «ሎካል-ፖስትፊክስ» ይነበባል፤ «ሎካል.ፖስትፊክስ» ወይም መጨረሻው «.ኮንፍ» የሆነ አይነበብም። የስህተት መልእክት አይሰጥም፤ ዝም ብሎ ያልፈዋል። ፊደል፣ አኃዝ፣ ሰረዝና የታች ሰረዝ ብቻ ይጠቀሙ።

ሦስተኛው ፈቃድ ነው። ሎግቼክ በሩት (ሙሉ ሥልጣን ባለው የአስተዳዳሪ መለያ) አይሠራም፤ በራሱ ስም በተፈጠረ ተጠቃሚ ነው የሚሄደው፤ ሎጎቹን ለማንበብም የኤዲኤም ቡድን አባል መሆን አለበት። የደንብ ፋይሉ ባለቤት ሩት፣ ቡድኑ ሎግቼክ፣ ፈቃዱ 640 (ባለቤቱ ይጽፋል፣ ቡድኑ ያነባል) ይሁን። በሩት ተከፍቶ 600 ሆኖ የተቀመጠ ፋይል ለእሱ እንደሌለ ነው።

ከፓኬጁ ጋር የመጡትን ፋይሎች አለመነካካት ይመረጣል፤ በእያንዳንዱ ማሻሻያ ላይ የትኛው ቅጂ ይቆይ የሚል ጥያቄ ያስነሳሉ። የራስዎን ደንብ ስሙ በ«ሎካል-» በሚጀምር ፋይል ይጻፉ። አንድ ነገር ግን ከፓኬጁ ፋይሎች ውስጥ መፈተሽ ያለበት አለ። በኢግኖር.ዲ.ሰርቨር ሥር ያለውን የኤስኤስኤች ፋይል ይክፈቱና «አክሴፕትድ» የሚል ደንብ ይፈልጉ። ያ ደንብ የተሳካ መግቢያን ከሪፖርቱ ያስቀራል። ብዙ ሰው በየደቂቃው በሚገባበት ማሽን ላይ ይህ ምክንያታዊ ነው፤ ሁለት ሰው ብቻ በሚገባበት ሰርቨር ላይ ግን ማን መቼ እንደገባ ማየት ከሪፖርቱ ሁሉ ይበልጥ ይጠቅማል። መስመሩ መጀመሪያ ላይ የኮሜንት ምልክት (#) ያድርጉበት።

ደንብ ሙሉ መስመርን ይግለጽ

አንድ የምመክረው ነገር ካለ ይህ ነው፦ ደንቡ ከመስመሩ የመጀመሪያ ቁምፊ እስከ መጨረሻው ድረስ ያለውን ሁሉ ይግለጽ። ቃል አይደለም የሚጣለው፤ መስመር ነው። በ^ (የመስመር መጀመሪያ) ይጀምር፣ በ$ (የመስመር መጨረሻ) ይዘጋ።

ለምን እንደሆነ በአንድ ምሳሌ እንይ። በየሰዓቱ የሚሠራ የባክአፕ ሥራ አለ፤ ክሮን በተነሳ ቁጥር «ሴሽን ኦፕንድ ፎር ዩዘር ባክአፕ» የሚል መስመር ይጻፋል። ይህን ለማስቀረት ያንኑ ሐረግ ብቻ ገልብጦ ደንብ ማድረግ ቀላል ይመስላል። ነገር ግን ይህንኑ ሐረግ የሚጽፈው ፓም (የተጠቃሚ መግቢያን የሚያረጋግጠው የጋራ ክፍል) ነው፤ ፓም ደግሞ ለክሮንም፣ ለኤስኤስኤችም፣ ለኤስዩም ያው ነው። አንድ ሰው ከውጭ በባክአፕ ስም በኤስኤስኤች ቢገባ ፓም ተመሳሳዩን ሐረግ ይጽፋል፤ ደንቡም ይጥለዋል። «ባክአፕ2» የሚባል ሌላ ተጠቃሚም አብሮ ይጣላል፤ ሐረጉ የት እንደሚያበቃ አልተነገረማ። ትክክለኛው ደንብ የጊዜውን ቅርጽ፣ የማሽኑን ስም፣ «ክሮን» የሚለውን የፕሮግራም ስም፣ በአራት ማዕዘን ቅንፍ ያለውን የሂደት ቁጥር፣ «ፓም_ዩኒክስ(ክሮን:ሴሽን)» የሚለውን፣ ሐረጉን፣ ከሐረጉ ቀጥሎ እስከ መስመሩ መጨረሻ ያለውን፣ ከዚያም $ን ይይዛል። ያኔ የሚጣለው ከክሮን የመጣው ብቻ ነው።

መልህቅ የሌለው (በ^ና በ$ ያልታሰረ) ደንብ ለአጥቂም በር ይከፍታል። ኤስኤስኤች የማይታወቅ ተጠቃሚ ሲሞክር፣ የተሞከረውን ስም እንዳለ «ኢንቫሊድ ዩዘር» ከሚለው ቀጥሎ ይጽፈዋል። ያንን ስም የመረጠው የሞከረው ሰው ነው። ደንቡ መስመሩ ውስጥ የትም ቦታ የሚገኝን ሐረግ የሚፈልግ ከሆነ፣ ሐረጉን በስሙ ቦታ የጻፈ ሰው የራሱን ሙከራ ከሪፖርቱ ማስወጣት ይችላል። የሎግ መስመር ከፊሉ የሚጻፈው በማያውቁት ሰው እጅ መሆኑን ደንብ ሲጽፉ አይዘንጉ።

የጊዜው ቅርጽ ሁለት ነው። የቆየው ሦስት ፊደል የወር ስም፣ ክፍት ቦታ፣ ከዚያ ቀንና ሰዓት በ11 ቁምፊ ነው፤ ቀኑ ባለ አንድ አኃዝ ሲሆን ከፊቱ ክፍት ቦታ ስለሚጨመር 11ነቱ አይለወጥም። በዴቢያን 12 አርሲስሎግ (ሎጎችን ወደ ፋይል የሚጽፈው ፕሮግራም) ወደ ረጅሙ ቅርጽ ተሸጋገረ፦ 10 ቁምፊ ቀን፣ አንድ መለያ ፊደል፣ 8 ቁምፊ ሰዓት፣ ነጥብ፣ 6 አኃዝ የሰከንድ ክፋይ፣ 6 ቁምፊ የሰዓት ልዩነት፤ ድምሩ 32። በ2023 ወደዚያ ያሻሻሉ ሰዎች የቆዩ የራሳቸው ደንቦች በአንድ ሌሊት በሙሉ ሥራ ያቆሙባቸው በዚህ ምክንያት ነው። ደንቡ ሁለቱንም ቅርጽ በ| ተለያይተው በቅንፍ ውስጥ ይያዝ፤ ከፓኬጁ አዳዲስ ደንቦች ላይ መጀመሪያውን መገልበጥ ከሁሉ ይቀላል።

የምልክት ስህተቶችም አሉ። ነጥብ (.) በሬጄክስ (ደንቦቹ በሚጻፉበት የፍለጋ ቋንቋ) ማንኛውንም ቁምፊ ይወክላል፤ እውነተኛ ነጥብ ለማለት \. ይጻፋል። ቅንፍም እንዲሁ፤ \( እና \) ካልተባለ መቧደኛ ነው። የሂደት ቁጥር \[[0-9]+\] ተብሎ ይያዛል። .* የምትለዋን በመስመር መሐል መጠቀም አደገኛ ነው፤ የሚለወጠው አንድ ቃል ከሆነ «ክፍት ቦታ ያልሆነ ቁምፊ» በሚለው ይተኩት። ሎግቼክ ከማወዳደሩ በፊት በመስመሩ ጫፍ ያለውን ክፍት ቦታ ያጸዳል፤ ስለዚህ ከ$ በፊት ክፍት ቦታ የሚጠብቅ ደንብ መቼም አይገጥምም።

የዲስክ ሙቀት፣ በቅርብ ሲታይ

ስማርትዲ የዲስኮችን ጤና ይከታተላል፤ አንድ መለኪያ በተለወጠ ቁጥርም መስመር ይጽፋል። ይዘቱ ይህን ይመስላል፦ የዲስኩ ስም፣ በአራት ማዕዘን ቅንፍ የመሣሪያው ዓይነት፣ «ስማርት ዩሴጅ አትሪቢዩት: 194»፣ የመለኪያው ስም፣ «ከ112 ወደ 113 ተለወጠ»። 194 ሙቀት ነው። (112 ዲግሪ ሴልሺየስ ማለት አይደለም፤ አምራቹ ወደ ራሱ መለኪያ የቀየረው ዋጋ ነው።) የክፍሉ ሙቀት ከፍ ዝቅ ሲል መስመሩ ቀኑን ሙሉ ይመጣል፤ ማንም ምንም አያደርግለትም። ሊጣል የሚገባው ጫጫታ ይህ ነው።

ነገር ግን «ስማርት ዩሴጅ አትሪቢዩት» እስከሚለው ብቻ ጽፎ ቀሪውን በ.* የዘጋ ሰው 194ን ብቻ አይደለም የጣለው። 197ም የሚመጣው በዚሁ «ዩሴጅ» ቅርጽ ነው፤ 197 ደግሞ መነበብ ያቃታቸውና ለመተካት ተራ የሚጠብቁ የዲስክ ክፍሎች ብዛት ነው። ዲስክ ሲሞት ቀድሞ ከሚናገሩት ቁጥሮች አንዱ ይህ ነው። «ስማርት» የሚለውን ብቻ ያስቀረ ደግሞ «ፕሪፌይለር» በሚል ቅርጽ የሚመጣውን 5ን ጭምር አጥቷል፤ ይህም ተበላሽተው የተተኩ ክፍሎች ቁጥር ነው። ስለዚህ ደንቡ 194ን በቁጥርም በስምም ይጥራ፣ ከዚያ ከአኃዝ በቀር ምንም አይቀበል፣ በ$ ይዘጋ። በአራት ማዕዘን ቅንፍ ያለውን የመሣሪያ ዓይነትም \[ እና \] ብለው ካልጻፉት፣ ሬጄክሱ ከውስጡ ካሉት ፊደላት አንዱን ብቻ ይጠብቃል፤ ደንቡም አንድም መስመር አይይዝም።

ከዚህ የተሻለም መንገድ አለ። በስማርትዲ የራሱ ቅንብር ውስጥ ለዲስኩ ‑አይ 194 (አይ በትልቁ ፊደል፣ I) የሚል ምርጫ ቢጨመር መስመሩ ከመነሻው አይጻፍም፤ ሙቀቱ ከተወሰነ ጣሪያ ሲያልፍ ብቻ እንዲናገር የሚያደርግ ሌላ ምርጫም አለው። ጫጫታው ከምንጩ የሚቀነስበት ትክክለኛ ቅንብር ካለ ደንብ ከመጻፍ በፊት እሱን ይሞክሩ።

ከምንጭ መቀነስ ሲባል ግን መረጃን ማጥፋት አይደለም። አርሲስሎግ ውስጥ አንድ ሐረግ ያለበትን መስመር «ስቶፕ» ብሎ መጣል ይቻላል፤ ያኔ መስመሩ ፋይል ላይም አይደርስም። ከሦስት ሳምንት በኋላ አንድ ነገር ሲመረመር ያቺ «ጉዳት የሌላት» መስመር ልታስፈልግ ትችላለች። ሎግቼክ ከዚህ አንጻር የዋህ ነው፤ የሚጥለው ከኢሜይሉ እንጂ ከሎጉ አይደለም። ኦሪጅናሉ ሁልጊዜ ቦታው ላይ አለ።

ከየት ይጀመር፣ እንዴት ይፈተሽ

የመጀመሪያውን ሪፖርት ከላይ ወደ ታች እያነበቡ ደንብ መጻፍ ያደክማል። የአንድ ሙሉ ቀን ሎግ ይውሰዱ፤ በሴድ ትእዛዝ ጊዜውንና የማሽኑን ስም ይቁረጡ፤ አኃዞችን ሁሉ በአንድ ምልክት ይተኩ፤ ከዚያ ሶርት (መደርደሪያው)፣ ዩኒክ (ተመሳሳዩን ወደ አንድ ሰብሳቢው) ከመቁጠሪያ ምርጫው ጋር፣ እንደገና ሶርት በቁጥር ከትልቅ ወደ ትንሽ። ሺህ መስመር የነበረው ወደ ጥቂት ቅርጾች ይወርዳል፤ ከላይ ያሉት አሥሩም አብዛኛውን ጫጫታ ይዘው ይገኛሉ። ብዙውን ጊዜ እነዚህ ናቸው፦ የሲስተምዲ (አገልግሎቶችን የሚያስነሳው) «ተጀመረ»ና «ተጠናቀቀ»፣ የክሮን ሴሽኖች፣ የዲኤችሲፒ አድራሻ እድሳት፣ የፖስታ ፕሮግራሙ የፖስትፊክስ የግንኙነት ስታቲስቲክስ።

ለእያንዳንዱ ቅርጽ አንድ ጥያቄ ይጠየቅ፦ ይህ መስመር ሌሊት 9 ሰዓት ቢመጣ፣ መቶ ጊዜ ቢደጋገም፣ ሌላ ማሽን ላይ ቢታይ የማደርገው ነገር ይኖራል? ለሦስቱም «የለም» ከሆነ ይጣል። ለአንዱ «አዎ» ከሆነ ይቆይ፣ ወይም ደንቡ ይጥበብ። ሜሞሪ አልቆ ከርነሉ ፕሮሰስ መግደሉ፣ የዲስክ ንባብ ስህተት፣ ሴግፎልት (ፕሮግራም በሜሞሪ ስህተት መውደቁ)፣ አዲስ ተጠቃሚ መፈጠሩ፣ የሱዱ (በሩት ሥልጣን ማዘዣው) አጠቃቀም፣ የሬይድ (የተጣመሩ ዲስኮች) መጉደል፣ የማሽኑ ሰዓት በድንገት መዝለል፤ እነዚህ ምንም ያህል ቢደጋገሙ አይጣሉም። የሚደጋገሙ ከሆነ የሚታከመው ማሽኑ ነው።

ለመፈተሽ ሎግቼክ-ቴስት የሚባል መሣሪያ አብሮ ይመጣል። የሎግ ፋይልና የደንብ ፋይል ይሰጡታል፤ የገጠሙትን መስመሮች ያሳያል፤ በተቃራኒ ምርጫው ደግሞ ያልገጠሙትን። ብዙ ሰው የሚያየው ያልገጠሙትን ብቻ ነው፤ «ጫጫታው ጠፋ» ብሎ ይዘጋል። የሚያስፈልገው ግን የገጠሙትን ማየት ነው፤ ሳይታሰብ የተጠረገ መስመር የሚታየው እዚያ ነው። ከመቶ መስመር በላይ ከሆኑ በፕሮግራም ስም ይቧድኑና ያልጠበቁት ስም ካለ ይፈልጉ። በመጨረሻ ሙሉውን ሎግቼክ በራሱ ተጠቃሚ ስም፣ ‑ኦ እና ‑ቲ በሚሉት ምርጫዎች ያስኪዱት፤ ‑ኦ ውጤቱን ከኢሜይል ይልቅ ስክሪን ላይ ያወጣል፣ ‑ቲ ደግሞ የንባብ ቦታውን አያንቀሳቅስም። ያለ ‑ቲ ከሞከሩ እነዚያ መስመሮች እንደተነበቡ ተቆጥረው በሚቀጥለው ኢሜይል አይመጡም።

ከእያንዳንዱ ደንብ በላይ ቀኑንና ምክንያቱን በኮሜንት ይጻፉ። «ለምን እንደተጣለ» ያልተጻፈለት ደንብ ከዓመት በኋላ ማንም ሊሰርዘው የማይደፍረው ደንብ ይሆናል።

ከማሻሻያ በኋላ

የጠበበ ደንብ በማሻሻያ ይሰበራል። ፓም ከተጠቃሚው ስም ጎን የተጠቃሚውን ቁጥር በቅንፍ መጻፍ ሲጀምር የሴሽን ደንቦች ሁሉ ሥራ አቆሙ። ኦፕንኤስኤስኤች 9.8 በሐምሌ 2024 እ.ኤ.አ. ሲወጣ ዋናውን ፕሮግራም ለሁለት ከፈለው፤ ቀድሞ «ኤስኤስኤችዲ» በሚል ስም ይጻፍ ከነበረው ብዙው «ኤስኤስኤችዲ-ሴሽን» በሚል ስም መጻፍ ጀመረ፤ በፕሮግራሙ ስም ላይ የቆሙ ማጣሪያዎች ሁሉ መታረም ነበረባቸው።

ይህ ሰዎችን ያማርራል፤ ሰፊ ደንብ ወደመጻፍም ይገፋል። እኔ ግን ይህን የሎግቼክ ድክመት አድርጌ አላየውም። ደንቡ ሲሰበር የሚሆነው ኢሜይሉ መብዛቱ ነው፤ የሚያጡት ነገር የለም። ቃል አዳኝ መሣሪያ ላይ ግን ተመሳሳዩ ለውጥ ሲመጣ የሚሆነው ዝምታ ነው፤ የሚፈለገው ስም ተለውጧል፣ ማንም አላወቀም። ከማሻሻያ ማግሥት የግማሽ ሰዓት ሥራ መመደብ ይሻላል።

ተመሳሳይ ግራ መጋባት የሚያመጡ ሁለት ቅንብሮች አሉ። አርሲስሎግ ተከታታይ ተመሳሳይ መስመሮችን «ይህን ያህል ጊዜ ተደገመ» ብሎ እንዲያጥፍ ሲደረግ (ኡቡንቱ ላይ ሲመጣ የበራ ነው) ዋናው መስመር በሌላ ቅርጽ ተጠቅልሎ ስለሚመጣ በ^ የሚጀምር ደንብ አይገጥመውም፤ ቅንብሩን መዝጋት ይበጃል። ከዴቢያን 12 ወዲህ ደግሞ ሎግቼክ የሲስተምዲን ጆርናልም (የራሱን የሎግ መዝገብ) ያነባል፤ ማሽኑ ላይ አርሲስሎግም ካለ አንዱ መስመር ሁለቴ ይመጣል፣ ያውም በሁለት የተለያየ የጊዜ ቅርጽ። በሎግቼክ.ሎግፋይልስ.ዲ ውስጥ ካሉት ሁለት ፋይሎች አንዱን መዝጋት ነው።

የማይችለው

ሎግቼክ አይቆጥርም። አንድ የተሳሳተ የይለፍ ቃል ምንም አይደለም፤ በአምስት ደቂቃ 3,000 ከሆነ ሌላ ነገር ነው። ለእሱ ግን ሁለቱም ያው መስመር ናቸው፤ ደንቡ አንዱን ከጣለ ሁሉንም ይጥላል። የቀረንም አያይም፦ «ባክአፕ ተጠናቀቀ» የሚለውን መስመር እንዲጥል ካደረጉት፣ ባክአፑ ሳይሠራ የቀረበት ሌሊት ከሠራበት ሌሊት አይለይም። ለዚህ የመስመሩን አለመኖር የሚጠብቅ የተለየ ፍተሻ ያስፈልጋል።

ለመጀመሪያው ጉድለት ሎግዋች ጥሩ ጎረቤት ነው። በቀን አንድ ጊዜ የትናንቱን ሎግ በየሰርቪሱ ጠቅልሎ በቁጥር ያቀርባል፤ የዝርዝር ደረጃው ከ0 እስከ 10 ነው፤ ከሪፖርቱ እንዲወጣ የሚፈለገው በ/ኢቲሲ/ሎግዋች/ኮንፍ ሥር ባለው ኢግኖር.ኮንፍ ውስጥ በሬጄክስ ይጻፋል። ለአያያዝ ይቀላል። ግን ተነባቢ ስክሪፕት ላልተጻፈለት ሰርቪስ የሚለው ነገር የለውም፤ ጠዋት የሚደርስ ሪፖርት ደግሞ ማታ ለተነሳ እሳት አይሆንም። ሁለቱን አንድ ላይ ማስኬድ አይጋጭም፤ ያልታወቀው በሰዓቱ በሎግቼክ፣ ድምሩ በማግሥቱ በሎግዋች።

ከሁሉ የሚያሳስበው የዝምታ አሻሚነት ነው። ኢሜይል አለመምጣቱ ሁሉ ሰላም ነው ማለት ሊሆን ይችላል፤ ክሮን ቆሟል ወይም ፖስታው አልተላከም ማለትም ሊሆን ይችላል። መፍትሔው ርካሽ ነው፦ በክሮን በቀን አንድ ጊዜ፣ በሎገር ትእዛዝ፣ ምንም ደንብ ያልተጻፈላትን አንዲት መስመር ወደ ሎጉ መጻፍ። ያቺ መስመር በየጠዋቱ በኢሜይል ከመጣች ሰንሰለቱ ከሎጉ እስከ ፖስታ ሳጥኑ ድረስ ይሠራል። ካልመጣች የሚፈተሸው እሱ ነው።

ብዙ ማሽኖች ሎጋቸውን ወደ አንድ ማዕከላዊ ሰርቨር የሚልኩ ከሆነ ሎግቼክን እዚያ ብቻ መጫን ይበቃል፤ ደንቦቹም አንድ ቦታ ይጠበቃሉ። ያኔ ግን የማሽን ስም ቦታን «ማንኛውም» ብሎ መተው አይቻልም። ከፖስታ ሰርቨሩ የሚመጣ የፖስትፊክስ ግንኙነት ተራ ነገር ነው፤ ከዳታቤዝ ሰርቨሩ ከመጣ ግን እዚያ ፖስታ የሚቀበል ፕሮግራም ምን ይሠራል? ደንቡ ውስጥ የማሽኑን ስም ይጥሩ።

በየስድስት ወሩ ደግሞ የራስዎን «ሎካል-» ፋይሎች አንድ በአንድ ከሠላሳ ቀን ሎግ ጋር በሎግቼክ-ቴስት ያስኪዷቸው። አንድም መስመር ያልገጠመው ደንብ ወይ ፕሮግራሙ ከማሽኑ ተወግዷል፣ ወይ የመልእክቱ ቅርጽ ተለውጧል፤ ይሰረዝ። ቁጥሩ ካለፈው ጊዜ በብዙ እጥፍ የጨመረውን ግን ከመተው በፊት መስመሮቹን ከፍቶ ማየት ያስፈልጋል።